የትኛው ሆድ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ፣ ኮሶዬ የምትባል ቦታ አለች። መኪናው የሚቆመው ለገደሉ ነው። ቆላው ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ሰው ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ብርዱ ሲጠብሰው ተመልሶ ይገባል። ከመሃላችን አንዷ ግን ኮሶዬን የምታውቃት በገደሉ አይደለም። ተማሪ ሳለች ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ታስሞላ ነበር። ሃያ ጥያቄ፣ መልሱ ወይ «አዎ» ወይ «አይ»። አንዲት ባልቴት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «እማማ፣ ባለፈው አንድ ወር ሆድዎን ይረብሽዎታል?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉና፦

«የትኛውን ሆዴን ነው ልጄ? የበላሁበትን ነው የቻልኩበትን?»

ጓደኛችን «አዎ» ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ሌላ ምን ታድርግ? ሳጥኑ ሁለት ብቻ ነው።

ይህን ወግ ስትነግረን መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ግን ነገሩ አልለቀን አለ። ለካ ይህቺ ጥያቄ ታሪክ አላት፤ ታሪኩም ጎንደርን፣ ወገራንና ሰሜንን ደጋግሞ ይረግጣል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ የፈረንጅ ጥናት ስለሚበዛበት ይቅር በሉን።)

ከሩቁ እንጀምር። 1932 ላይ ከዳካር ተነስቶ ጅቡቲ የሚገባ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ደረሰና ለወራት ተቀመጠ። ከመሃላቸው ሚሼል ሌሪስ የሚባል ወጣት ደራሲ ነበር። ይህ ሰው ከጉዞው በፊት ፓሪስ ውስጥ የራሱን ጭንቀት ሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ሲታከም ቆይቷል። ጎንደር ላይ በአስተርጓሚው በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ በኩል መልካም አየሁ ከምትባል የዛር ባለቤት ቤት ገባ። ቡናው፣ እልልታው፣ የዶሮው ደም፣ ጉሪው... ሁሉንም ጻፈ። እኛን የሚገርመን ግን ወደዚያ ቤት ይመጡ የነበሩት ሴቶች ጉዳይ ነው። ሕመማቸውን የሚነግሩት ሰው ነበራቸው፤ ሕመሙም ስም ነበረው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ሳይመን መሲንግ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እዚያው ጎንደር መጥቶ የዛርን ቤት አየና በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ «የቡድን ሕክምና» አለው። አለመስማማት ይቻላል። ከእኛ አንዳንዶቻችን የዛርን ቤት ከሆስፒታል ጋር ማወዳደር ደስ አይለንም፤ የዛር ፈረስ ሆና ዕድሜዋን በሙሉ ግብር ስትከፍል የኖረች አክስት ያለችው ሰው ሕክምና የሚለውን ቃል ቶሎ አይቀበልም። መሲንግ ግን ያየው እውነት አለው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባት ሴት እዚያ ቤት ስትገባ ብቻዋን መሆኗ ይቀራል፣ ማኅበርተኛ ታገኛለች።

በዚያው ዘመን ውጭው ዓለም ስለ እኛ ምን ይል ነበር? ጄ. ሲ. ካሮዘርስ የሚባል ኬንያ ይሠራ የነበረ ሐኪም በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመለት መጽሐፍ አፍሪካዊ ድባቴ እምብዛም አይዘውም አለ። ምክንያቱ? ራስን የመመርመርና የመጸጸት ችሎታው ዝቅ ያለ ስለሆነ! አንባቢ ሆይ፣ ሱባዔ የሚገባ፣ ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን የሚዘረዝር፣ ሙሾ ሲወርድ ድንጋይ የሚያስለቅስ ሕዝብ መጸጸት አያውቅም መባሉ ነው። ነገሩ ግን ከስድብ ያለፈ ጉዳት ነበረው። የለም የተባለ በሽታ ሐኪም አይቀጠርለትም።

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ይህን በወሬ አልተቀበለም። ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ትንንሽ ከተሞችና ገጠር ወጥቶ ቆጠረ፤ ግዮን (ወሊሶ) ድረስ ሄዶም የእምነት ፈውስ የሚሹትን ሰዎች አጠና። የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ እዚህም ነበር። ብዙው ሕመምተኛ ታዲያ የሚመጣው «አዘንኩ» ብሎ ሳይሆን ራሴን፣ ወገቤን፣ ሆዴን እያለ ነው።

ሆድ! እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአማርኛ ሆድ የምግብ ከረጢት ብቻ አይደለም። ሰው ሆድ ይብሰዋል፣ ሆደ ባሻ ይሆናል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፤ የማይነገረውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው እንላለን። እንግዲህ «ሆድህን ይረብሽሃል?» የሚለው ጥያቄ እንግሊዝኛው ያላሰበውን ስንት በር እንደሚከፍት አስቡት። ቦታው ኮሶዬ መሆኑንም አትርሱ። ጥሬ ሥጋ ተበልቶ በየጊዜው ኮሶ ይጠጣ በነበረበት ደጋ የሆድ ሕመም ትልም፣ ረሃብም፣ ልጅ መቅበርም ሊሆን ይችላል።

ሃያዎቹ ጥያቄዎች ከዓለም ጤና ድርጅት የመጡ ናቸው። ድርጅቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ማንም የሰለጠነ ሰው ሊጠይቀው የሚችል አጭር መጠይቅ አዘጋጀ፤ «ኤስ አር ኪው» ይሉታል። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ ልቅሶ፣ ዋጋ ቢስነት፣ ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ እያለ ይዘልቃል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ የካሮዘርስንም ዓይነት ወሬ በቁጥር ያፈርሳል። ጣጣው ወደ አማርኛ ሲገለበጥ መጣ።

ይህን ጣጣ ፊት ለፊት ያየው ፍራንክ ኮርትማን የሚባል ሌላ ሆላንዳዊ ሐኪም ነው። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ መጠይቁን ካስሞላ በኋላ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ወደ መላሾቹ ተመልሶ «አዎ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በ1987 እና በ1988 የታተሙት ጽሑፎቹ እንደሚያሳዩት መልሱ ሁለት ዓይነት ችግር ነበረበት። አንዱ መረዳት ነው፤ ጥያቄው የተሰማው ጠያቂው ባሰበው መንገድ አይደለም። ሌላው ፍላጎት ነው፤ ሰው የሚመልሰው ከፊቱ የተቀመጠው ባለ ወረቀት ምን ይሰጠኛል ወይም ምን ያመጣብኛል ብሎ ነው። ይህን ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ቀበሌ ቅጽ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? በቃ እሱ ነው።

ኮርትማን ይህን ሲጽፍ ከወገራ፣ ከደምቢያና ከሰሜን የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ሱዳን ገብተው ነበር። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ብዙዎች አለቁ። የተረፉት በ1984 እና 85፣ ሌሎች ደግሞ በግንቦት 1991 በአውሮፕላን ተወስደው እስራኤል ገቡ። እዚያ ክሊኒክ ሲሄዱ ሆዴን፣ ልቤን፣ ራሴን አሉ። ሐኪሙ ሆድ ሲባል ጨጓራ መረመረ፣ ልብ ሲባል ልብ አስነሳ፤ ምንም አልተገኘም። ራፋኤል ያንግማንና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ታካሚው የሚለውና ሐኪሙ የሚሰማው ምን ያህል እንደሚራራቁ አሳዩ። በ2008 ደግሞ ያንግማን፣ ኔሊ ዚልበር፣ ኢትዮጵያዊው የአእምሮ ሐኪም ፍቅሬ ወርቅነህ፣ እንዲሁም ያ የ1960ዎቹ ሮበርት ጊል በአንድ ጽሑፍ ላይ ተገናኙ። መጠይቁን አልጣሉትም። ሰዎቹ ራሳቸው ጭንቀታቸውን የሚገልጹባቸውን አባባሎች ጨምረው ለኢትዮጵያውያን አስተካከሉት። አንድ ጥያቄ ለመስተካከል ሱዳን በረሃን ማቋረጥ ነበረበት ማለት ነው። ያሳዝናል፣ ግን ሆነ።

አገር ቤትም ሥራው አልቆመም። ቡታጅራ ላይ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው በዚሁ መጠይቅ ጠየቁ። የአካባቢውን አዋቂዎች ሲያነጋግሩም ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም የሚለው በአብዛኛው መለፍለፍን፣ መደባደብን፣ እንግዳ ጠባይን እንደሆነ አገኙ። ዝም ብሎ ጥግ የያዘ ሰው እብድ አይባልም፤ ስለዚህ ማንም አያየውም።

አሁን «እኛ የከተማ ልጆች እንግባባለን» የምትሉ ካላችሁ ይህን ስሙ። ለአራስ እናቶች ድባቴ የሚያገለግል የኤድንብራ መጠይቅ አለ፤ በ1987 የወጣ ነው። ሻርሎት ሃንሎን ከባልደረቦቿ ጋር ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ፈትሻው በ2008 ባሳተመችው ጥናት መጠይቁ ደካማ ሆነ፤ የድሮው የሃያው ጥያቄ በለጠው። ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ ያንኑ መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ ሲፈትሹት ግን (ጥናቱ በ2010 ታትሟል) በደንብ ሠራ። ያው አገር፣ ያው መጠይቅ። እኛ ቢሮ ጽሕፈትና ፊልም ያስተማሩንን አነጋገር ይዘን መጠይቁን ከእናቶቻችን ይልቅ እንቀርበዋለን። ደግሞ እኛው ቃሉን አዳክመነዋል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ «ደበረኝ»፣ ፊልሙ ሲረዝም «ደባሪ» እንላለን። ሐኪሞቹ «ድባቴ» የሚል ሌላ ቃል መፈለጋቸው ይፈረድባቸዋል?

ወደ ኮሶዬ መንገድ እንመለስ። ትንሽ ከፍ ሲሉ ዳባት ናት። ጎንደር ያለው የሕክምና ኮሌጅ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ በ1996 እዚያ የምርምር ጣቢያ ከፍቶ ልደትና ሞት ይመዘግባል። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደረሰና ጭና በተባለው ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በክልሉ በየተፈናቃይ መጠለያው የድባቴና ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት መጠይቆች ተሞልተዋል። ስለዚህኛው ጭንቀት ብዙ የተነበበ መጽሐፍ በ1995 ያሳተመው ኧለን ያንግ፣ ወጣት ሳለ ያጠናው በጌምድርን ነው፤ ስለ ዛርና ስለ «ቁራኛ»። ቁራኛ ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ሲታሰሩ የሚጠሩበት ስም ነበር። ሰውየው በኋላ የጻፈው ሥቃዩ ሐሰት ነው ብሎ አይደለም። የበሽታውን መልክ የሚሰጡት ጠያቂውም፣ ቅጹም፣ ዘመኑም ጭምር ናቸው ነው ያለው። በጌምድር ላይ የሰማው ነገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ብንጠይቀው ደስ ባለን።

ጓደኛችን የዚያን ቀን የኮሶዬዋን ባልቴት ቃል በማስታወሻ ደብተሯ በእርሳስ ጽፋዋለች፦ «የበላሁበትን ነው የቻልኩበትን?»። ማታ አልጋ ቤት ተቀምጣ መልሶቹን ኮምፒውተር ላይ ስታስገባ ግን በዚያ ረድፍ የጻፈችው «1» ነው።