የአውሮፕላን ገዢ

«ገዢ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ዕቃ በገንዘቡ የሚወስድም ገዢ ነው፤ አገር የሚያስተዳድርም ገዢ ነው። ቅኔ ቆጣሪ አባቶቻችን ይህን ኅብረ ቃል ቢያገኙት ሰሙን ከገበያ፣ ወርቁን ከቤተ መንግሥት ያወጡት ነበር። እኔ ግን የኢትዮጵያን አየር ኃይል ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ቃል ይመላለስብኛል። አውሮፕላን ይገዛል፤ የአውሮፕላን ገዢ የሆነ ሁሉ ግን የሰማዩ ገዢ አይሆንም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ የእኛን አየር ኃይል ያህል ደጋግሞ የተማረ ያለ አይመስለኝም። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አስፍሬዋለሁ።)

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. ወደ ዔደን ተሻግረው በነበረ ጊዜ የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላኖች ትርዒት ተመለከቱ፤ ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። ያ ምኞት ፍሬ ያፈራው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የምትባለዋን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አዲስ አበባ አደረሳት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከጀርመን የተገዛች ዩንከርስ ተከተለቻት። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊን የመሰሉ ወጣቶች ትምህርት ጀምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ነገር ግን አስተማሪው፣ መካኒኩ፣ መለዋወጫውና የመመሪያው መጽሐፍ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። አውሮፕላኖቹ የእኛ ነበሩ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው እውቀት ግን ገና የእኛ አልነበረም።

ሥነ ጽሑፍ ለሚወድ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የመጀመሪያው የአየር ዘመቻችን ዋና መሣሪያ ወረቀት ነበር። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በሸፈቱ ጊዜ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ የንጉሡን አዋጅና የቤተ ክርስቲያንን ውግዘት የያዘ በራሪ ጽሑፍ በተነ። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ ጦርነቱ ሲደረግ ግን ከወረቀቱ በኋላ ቦምብ ተከተለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። ቃል ከሰማይ ሲወርድ ለዚያ ሠራዊት ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ያ ድል አሳሳች ድል ነበር። አንዲት አውሮፕላን፣ አንድ የውጭ አገር አብራሪ፣ አውሮፕላን የሌለው ጠላት፤ እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ አውሮፕላን መግዛት ብቻውን የሚበቃ ይመስላል።

እንደማይበቃ ለማወቅ ከስድስት ዓመት በላይ አላስፈለገም። ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወረን በእጃችን የነበሩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም መልእክትና ቁስለኛ ከማመላለስ ያለፈ አቅም አልነበራቸውም። ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ ይህን ትንሽ ኃይል መራ፤ በእነዚያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች በጠላት ሰማይ ሥር ተመላለሰ። በሌላው ወገን በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ባሰሙት ንግግር ስለ መርዙ ዝናብ ሲናገሩ አንድ ዝርዝር አልዘነጉም፦ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ ያልፉ ነበር፤ ጉሙም ሳይቋረጥ እንደ አንድ አንሶላ ምድሩን ያለብስ ነበር። ይህን ቁጥር ባነበብሁ ጊዜ የመርዙን ያህል ያስደነገጠኝ ሥርዓቱ ነው። ዘጠኝ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ እንዲደርስ ነዳጅ የሚለካ፣ ሞተር የሚፈትሽ፣ ሰልፍ የሚያወጣ፣ ሰዓት የሚጠብቅ፣ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ሰው ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሥር ያዋለው ማኅበር ነው አየር ኃይል የሚባለው። እኛን የወጋን ማኅበሩ ነበር። ክፉ ዓላማም ሥርዓት ካለው ብዙ ያጠፋል።

ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ ከዚህ መራራ ትምህርት ቀስሞ ይመስላል፣ ሥራውን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረው። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን ማስተማር ያዘ። ቀጥሎም የእንግሊዝ ጥላ የከበዳቸው ንጉሠ ነገሥት ቅኝ ግዛት ወዳልነበራት፣ ከጦርነቱም ገለልተኛ ሆና ወዳሳለፈችው ስዊድን ፊታቸውን አዞሩ። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በወረራው ዘመን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ የአየር ኃይሉን ትምህርት ቤትና አመራር ሊያቋቁም መጣ። ቢሾፍቱ ላይ፣ ሐረር ሜዳ በሚባለው ሥፍራ፣ የበረራ ትምህርት ቤቱና የጥገና ትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን ተተከሉ። ሳፊር የተባሉት ትንንሽ የማስተማሪያ አውሮፕላኖችና ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች ከስዊድን መጡ። በ1921 አውሮፕላኑ ቀድሞ ሰው ተፈለገለት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሰውና አውሮፕላን አብረው አደጉ።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። በእጄ የሚያልፈው ወረቀት ሁሉ በግርጌው ሦስት ቦታ አለው፦ አዘጋጀ፣ አረጋገጠ፣ አጸደቀ። ያዘጋጀው ራሱ አያረጋግጥም፤ ያረጋገጠውም ራሱ አያጸድቅም። የአየር ኃይል አደረጃጀት ለእኔ የተገለጠልኝ በዚህ በኩል ነው። በላይ ዋና አዛዡና መምሪያው አሉ፤ በሥራቸው የዘመቻ፣ የጥገና፣ የአቅርቦት፣ የሥልጠናና የአየር መከላከያ ክፍሎች ይገኛሉ። ከዚያ ወዲያ እንደ ቢሾፍቱ፣ እንደ ድሬዳዋ ያሉት የጦር ሠፈሮች ናቸው፤ በየሠፈሩም ስኳድሮኖች አሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የማዕርግ መሰላል ማለዳ ላይ አንዲት ወረቀት ዘንድ ሲደርስ ቆም ይላል። የምድሩ ቴክኒሻን አውሮፕላኑን ፈትሾ በመዝገቡ ላይ ሳይፈርም አብራሪው አይነሣም። አብራሪው መቶ አለቃ ይሁን ኮሎኔል፣ ሕይወቱ ያለችው በአንድ ባለ ሌላ ማዕርግ ፊርማ ውስጥ ነው። አዛዡ «ብረር» ይላል፤ «ይበራል» የሚለው ግን ቴክኒሻኑ ነው። አዛዥነት ማለት እንግዲህ የበታችን «አይበርም» የሚል ቃል ሰምቶ ትእዛዝን ለማቆየት መቻል ጭምር ነው። ስለ እነዚያ ፈራሚዎች አንዲት ስንኝ ቋጥሬ ነበር፦

አንዱ ሲበር ላየው ሰማይ ነው ሀገሩ፣
መቶዎቹ በታች ምድር ላይ ያደሩ፣
ብሎኑን አጥብቀው ነዳጅ የቆጠሩ፣
በስማቸው ፈንታ በሱ ስም ተጠሩ።

ከስዊድናውያን እጅ አመራሩን በ1950ዎቹ አጋማሽ የተረከቡት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ጄኔራል አሰፋ አየነ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ሌላ ፈተና መጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ አየር ኃይሉ ከንጉሡ ወገን ቆመ። አውሮፕላኖች በአዲስ አበባ ሰማይ አንዣበቡ፤ የፓትርያርኩን ውግዘት የያዘ ወረቀትም ከሰማይ ተበተነ። ከአንቺም ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ውግዘት! ልዩነቱ በዚህ ጊዜ መሪውን የጨበጠው የኢትዮጵያዊ እጅ መሆኑ ነው። በዚያም ቀን አንድ ጥያቄ ተወለደ፤ እስከ ዛሬም አልሞተም። ለመሆኑ ይህ ኃይል የማን ነው? የአገር ወይስ የገዢ?

የአገር መሆኑ የተመሰከረው በ1969 ዓ.ም. ክረምት ነው። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት ተበጥሶ፣ መሣሪያውም መለዋወጫውም ቆሞ ነበር። የሶማሊያ አየር ኃይል በሚግ አውሮፕላኖች ብዛት ይበልጠን ነበር። ቢሆንም ጥቂቶቹ ኤፍ 5 አውሮፕላኖች የሰማዩን የበላይነት ጨበጡ። ጂጂጋ ወድቃ፣ በካራማራ ተራራ ላይ የነበረው ራዳር ከእጅ ወጥቶ፣ የምድር ጦሩ ወደ ሐረር ሲያፈገፍግ እንኳ ሰማዩ አልተለቀቀም። ያን ድል ያስገኘው ከሩብ ምእት በላይ በቢሾፍቱ የተገነባው ትምህርት፣ የአብራሪውና የቴክኒሻኑ መተማመን ነው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ከጀግኖቹ አንዱ ለገሠ ተፈራ በምርኮ ዐሥር ዓመት ያህል ሶማሊያ ውስጥ ማቀቁ። ፎን ሮዘንም በስተርጅና ለተራቡት ሊደርስ ተመልሶ ሳለ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደለ። ሮቢንሰን ቀድሞ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ላይ አርፎ ነበር። ሁለቱ መምህራን በተማሪዎቻቸው ምድር ቀሩ።

ከዚያም ሶቭየት ኅብረት መጣችና ሰማዩ ቋንቋውን ለወጠ። ከፍታን በጫማ ያነብ የነበረው አብራሪ በሜትር ማንበብ ጀመረ፤ በእንግሊዝኛ የተማረው ቴክኒሻን የሩስያን ፊደል ቆጠረ። ይህን የመሰለ ሽግግር በጦርነት መካከል መወጣት ተአምር የሚያሰኝ ነው፤ ሥርዓት ያለው ማኅበር ዕቃው ቢለወጥበትም እንደማይፈርስ ያሳየ ነው።

ማኅበሩን ያፈረሰው ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ አመራሩን በኢትዮጵያዊ እጅ የያዙት ጄኔራል አሰፋ አየነ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳ ሰዎች አንዱ ሆነዋል። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምኃ ደስታ ከኤታማዦር ሹሙ ከጄኔራል መርዕድ ንጉሤ ጋር በመከላከያ ሚኒስቴር ሕይወታቸው አለፈ። ከእርሳቸው በፊት ለዓመታት አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ፋንታ በላይም ተይዘው ከታሰሩ በኋላ ሞቱ። በዓመቱ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። አንድ አዛዥ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? ምልምል፣ አብራሪ፣ አስተማሪ፣ የስኳድሮን መሪ፣ የጦር ሠፈር አዛዥ እያለ ሠላሳ ዓመት ያህል ይወጣል። በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ይህ ሠላሳ ዓመት ነው። በባንክ ቋንቋ ብናገር፣ ወለዱን ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ መብላት ይባላል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀረው ማኅበር ተበተነ። ከፊሉ ታሰረ፤ ከፊሉ ተሰደደ፤ ከፊሉ በሌላ ሙያ እንጀራውን ፈለገ። ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። በወራት ውስጥ ሱኾይ 27 የተባሉት ዘመናዊ አውሮፕላኖች ተገዙ፤ ሰውን ግን በወራት ውስጥ ከየትኛውም ገበያ መግዛት አልተቻለም። ስለዚህ የተበተኑት ተፈልገው ተጠሩ፤ ከእስር ቤት ወጥተው ወደ አውሮፕላን የተመለሱም ነበሩ። መጡ። በገዢዎች የተበደለ ሰው አገሩ ስትጠራው መምጣቱ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ነው። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሰሜን የተማረኩ፣ ከዚያ የተለቀቁ ሰው ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. በአሥመራ ሰማይ ዳግም ተመትተው ዳግም ተማረኩ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት መንግሥት ተፈራርቋል፤ የታዘዘው ሰው ግን ያው አንዱ ነበር።

ዛሬ ሰው አልባ አውሮፕላን መጥቶ አብራሪውን ራሱን ከሰማይ አውርዶ ምድር ላይ አስቀምጦታል። ዕቃውን መግዛት ከወትሮው ቀለለ፤ ከአብራሪው ዘንድ የነበረው የሞት ፍርሃትም ተነሣ። ታዲያ የሚፈራ በሌለበት «አቁም» የሚለው ማን ነው? «አይበርም» የሚል ፊርማ ያለው ሰው፣ ያንንም ሰምቶ የሚታገሥ አዛዥ፣ ያንን አዛዥ የማይበላ መንግሥት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልግ ይመስለኛል።

ከዔደን ምኞት እስከ ሱኾይ ግዢ ድረስ የአገራችን መዝገብ በአንድ ዓምድ የተገዛውን፣ በሌላው ዓምድ የጠፋውን ይዟል። የተገዛው ሁሉ ዋጋው በገንዘብ ተጽፏል። የጠፋው ግን የሰው ስም ነውና ዋጋ ሊወጣለት አልቻለም፤ ሒሳቡም እስካሁን አልተዘጋም።