የወላይታ ቀይ አፈርና የእግር እብጠት በሽታ ምርምር ታሪክ

በገበያ ቀን ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚገባው መንገድ ዳር ቆሞ ሕዝቡን ያስተዋለ ሰው፥ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጦ ቀስ እያሉ የሚራመዱ ወንዶችና ሴቶች ማየቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ነጋዴ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዷ አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። ቅቤያቸው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ከእጃቸው የሚገዛ ስለማይገኝ በሌላ ሰው እጅ ያሸጡታል። በእኛም ቤት ቡና ሲጠጡ ስኒያቸው ለብቻው ታጥቦ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ስኒውን እየለየሁ አስቀምጥ የነበርሁትም እኔው ነኝ። በሽታው እንደሚጋባ ማንም አልተጠራጠረም ነበርና። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም፥ ያደረግነው ትክክል እንደ ነበረና እንዳልነበረ ለማወቅ መፈለጌ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።)

በሌላው ዓለም ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት የሚያመጣው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ እንደ ክር የቀጠነ ትል መሆኑን ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ በፊት ደርሰውበታል። የዚህ ትል እጭ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው በሌሊት ስለ ሆነ ለምርመራ ደም የሚቀዳው ሰው ሲተኛ ነው። በአገራችንም እንደ ጋምቤላ ባሉት ቆላማ ቦታዎች ይኸው ትል ይገኛል። እንግዲህ ሐኪሞች በደጋውም የሚታየውን እብጠት የትሉ ሥራ ነው ቢሉ አያስገርምም። ሆኖም የደገኞቹ በሽተኞች ደም ቢመረመር ትሉ ታጣ። ኮኸን የተባሉ ሐኪም በ1960 ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኬንያ በጻፉት ጽሑፍ በሽታውን መነሻው ያልታወቀ እብጠት አሉት።

መነሻውን አጥብቀው የፈለጉት ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ናቸው። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ሲያክሙ፥ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ሥጋ ደዌም ትሉም ሳይኖርባቸው እንደሚመጡ አስተዋሉ። ከዚያም የበሽተኞቹን አገርና የአገሩን አፈር ማነጻጸር ጀመሩ። ያገኙት ነገር የሚያስደንቅ ነበር። በሽታው የሚበረታው ከእሳተ ገሞራ ዓለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ፥ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት አገር፥ በባዶ እግሩ በሚሄድ ሕዝብ ዘንድ ነው። የበሽተኞችን ንፍፊት በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩም ከአፈር የመጣ ደቃቅ ብናኝ አገኙበት። ስሙንም ከግሪክ ቋንቋ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት አጣምረው ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። ስለዚሁ በሽታ የጻፉት መጽሐፍ በ1990 ታተመ። እንሰቱንና ጎደሬውን የሚያበቅልልን ይኸው አፈር መሆኑን ሳስብ ግን አፈሩን ለመውቀስ አልደፍርም። ጥፋቱ የጫማ ማጣት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ገና ሳይመለስ ቀረ። አንድ መንደር ሙሉ በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እያረሰ፥ የአንዱ እግር ሲያብጥ የጎረቤቱ ደኅና ሆኖ የሚቀረው ስለ ምን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተፈለገው እዚሁ በእኛ አገር በወላይታ ነው። በ1998 አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ናታን ባርሎ በሶዶ ለእነዚህ በሽተኞች ሕክምናና ጫማ የሚሰጥ ሥራ አቋቋሙ። በ2003 የወጣ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 የሚበልጠው በሽታው እንዳለበት ገለጠ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌል ዴቪና ባልደረቦቻቸውም የ59 ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ መርምረው፥ የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዙ ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል መሆኑን በ2007 አስታወቁ።

ከዚያም በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው የ194 በሽተኞችንና የ203 ጤነኞችን የዘር ውርስ አነጻጽረው፥ ልዩነቱን ኤች ኤል ኤ በሚባለው የዘር ክፍል አገኙት። ይህ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ወደ ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባ፥ አንዳንድ ሕዋሳት ቁራጩን በትሪ ላይ እንዳለ ነገር ይዘው ቲ ለሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ያሳያሉ። ዘበኞቹም ጠላት መሆኑን ካመኑ ጦርነት ይከፍታሉ። የትሪው ቅርጽ ከአባትና ከእናት የሚወረስ ስለ ሆነ ከሰው ሰው ይለያያል። የተወሰነ ቅርጽ ያለው ትሪ የወረሱ ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል 2 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ፥ በእግር ቆዳ የገባው የአፈር ብናኝ የሰውነትን ዘበኞች ያለ ዕረፍት እያስቈጣ፥ ቍጣው ራሱ የእዥ መተላለፊያ ቧንቧዎችን ይዘጋል ወደሚል አሳብ ደረሱ። በፋብሪካ የቤሪሊየም ብረት ብናኝ የሚስቡ ሠራተኞች ሳንባም በተመሳሳይ መንገድ ይታመማል። እንግዲህ የዘር ውርስ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ሰው ትሪው የፈለገውን ቅርጽ ቢይዝ አያብጥም።

ተላላፊ ተሕዋስያን የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ያበጠው ቆዳ ሲሰነጣጠቅ በስንጥቁ ይገቡና በሽተኛውን በትኩሳትና በሕመም አልጋ ላይ ይጥሉታል። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተካፈሉበት ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ለገሚሶቹ እግር ማጠቢያ ሳሙና፥ ቅባት፥ ፋሻና ጫማ ወዲያው ተሰጣቸው፤ ለቀሩት ከአንድ ዓመት በኋላ። ሕክምናውን ቀድመው ያገኙት በዓመት 19 ጊዜ ያህል ሲታመሙ፥ የቀሩት 24 ጊዜ ያህል ታመሙ። ቅናሹ ትንሽ ነው የሚል አይጠፋም። በእርሻ ወራት አልጋ ላይ የዋለን ገበሬ ይጠይቅ።

የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር የመዘገበው በ2011 ነው። ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት በታተመ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው መልሰዋል። ስኒ የለየነው እኛ ብቻ እንዳልነበርን ከዚህ ተረዳሁ፤ መረዳቴ ግን ብዙ አላጽናናኝም።

ጎረቤታችን አሁንም ቅቤ በሰው እጅ ያሸጣሉ። ባለፈው የጊፋታ በዓል እናቴ ቡና ስታፈላ፥ ያን ስኒ ከመደርደሪያው ጥግ አንሥቼ ከሌሎቹ ጋር ደባልቄ አቀረብሁት። እናቴ አየችኝ። ቀና ብላ እኚያን እናት ተመለከተችና ቡናውን መቅዳት ጀመረች።