የሮዲዮ ፎቶግራፍ

የሮዲዮ ፎቶግራፍ ካውቦዮች በፈረስ፣ በኮርማና በገመድ በሚወዳደሩበት ሜዳ የሚሠራ የስፖርት ፎቶግራፍ ዘርፍ ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶችና በካናዳ የተስፋፋ ሲሆን ዕድሜው ከስፖርቱ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው የጊዜው ማጠር ነው። የኮርማ ግልቢያ የሚቆየው ቢበዛ ስምንት ሰከንድ ነው፤ ወይፈን የሚጥል ጎበዝ ደግሞ በአራት ሰከንድ ገደማ ጨርሶ ይነሳል። አዲስ ገቢ ፎቶ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ካሜራውና ስለ ሌንሱ ነው። መጨነቅ የነበረበት ግን ስለ ውድድሩ ደንብ ነው፤ ዳኛው ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽበትና ፎቶው የሚያምርበት ቅጽበት ብዙ ጊዜ አንድ ናቸውና።

አመጣጥ

ሮዲዮ ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች በተወረሰ የፈረስና የገመድ ሙያ ላይ የቆመ ነው። በዋዮሚንግ የሻየን ፍሮንቲየር ዴይስ በ1897 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በኦሬገን የፔንድልተን ራውንድ አፕ በ1910፣ በካናዳ የካልጋሪ ስታምፒድ በ1912 ተጀመሩ። ከቀደሙት ፎቶ አንሺዎች ስሙ የገነነው ራልፍ ደብልዴይ ነው። ውድድሩን ከከተማ ከተማ እየተከተለ ያነሳውን በፖስትካርድ አሳትሞ ይሸጥ ነበር። ፈረሱ አሽቀንጥሮት አየር ላይ የቀረ ካውቦይ የሚታይባቸው ካርዶቹ ምዕራቡን በዓይኑ ላላየ አሜሪካዊ የሮዲዮ መልክ ሆኑ። በዚያ ዘመን ካሜራ ከአንድ ግልቢያ አንድ ፎቶ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ በሰከንድ ሃያ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በእጁ ያለ ሰው ከደብልዴይ የሚማረው ነገር አይጠፋም፤ ጣቱን ሸተሩ ላይ ተክሎ ከሚያርከፈክፈው ይልቅ ጠብቆ የሚጫነው ይበልጣል።

ፎቶ አንሺው የት መቆም እንደሚችል የሚወስን አካል የመጣው ከቆይታ በኋላ ነው። በ1936 በቦስተን ጋርደን በተደረገ ሮዲዮ ካውቦዮቹ በሽልማቱ ማነስ ተቆጥተው አድማ መቱ። ከዚያ አድማ የተወለደው ማኅበር በ1945 ስሙን ለወጠ፣ በ1975 ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን ፕሮፌሽናል ሮዲዮ ካውቦይስ አሶሴሽን የሚለውን ስም ያዘ። ይኸው ማኅበር በ1963 ሉዊዝ ሰርፓን (1925–2012) ሜዳው ውስጥ ገብታ እንድታነሳ ፈቀደላት፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ኒው ዮርክ ተወልዳ አሪዞና ውስጥ ቱሶን ከተማ የኖረችው ሰርፓ ሥራውን የጀመረችው ከልጆች ሮዲዮ ነበር። ይህ መንገድ ዛሬም ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ነው። በትንንሽ ከተማ ውድድር አጥሩ ቅርብ ነው፣ ፈቃድ የሚጠየቀውም ፊት ለፊት ነው፤ ዋናው ብሔራዊ ፍጻሜ ከ1985 ጀምሮ በሚካሄድበት በላስ ቬጋስ አዳራሽ ግን ያለ ማኅበሩ ይሁንታ ሜዳው አጠገብ መድረስ የማይታሰብ ነው። ላስ ቬጋስ፣ ዴንቨር፣ ዳላስ ወይም ካልጋሪ ላሉ ኢትዮጵያውያን ሮዲዮ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሮዲዮም ያለበት የዴንቨሩ የከብት ትርኢት ለምሳሌ ከ1906 ጀምሮ በየጥር ወሩ የሚደረግ ነው።

ዳኛው የሚያየው

በግልቢያ ውድድሮች ከ100 ነጥብ ግማሹ ለጋላቢው፣ ግማሹ ለእንስሳው ይሰጣል። ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ግር ማለቱ አይቀርም። እዚያ የሚወደሰው ፈረሱን እንደ ልቡ የሚያዝ ፈረሰኛ ነው፤ እዚህ ግን አልታዘዝ ያለው ፈረስ ራሱ ይሞገሳል። ስለዚህ የጋላቢው ፊት ብቻ ተቆርጦ የሚታይበት ፎቶ የታሪኩን ግማሽ ጥሎ የቀረ ነው። የፈረሱ አራት እግሮች፣ ቢቻል የረገጡት መሬት ጭምር፣ ፍሬሙ ውስጥ መግባት አለባቸው።

በኮርቻ የሚደረገውን ግልቢያ በዝግታ እናስተውለው። ፈረሱ ከጠባቡ ጋጥ ሲወጣ በመጀመሪያው ዝላይ የፊት እግሮቹ መሬት እስኪነኩ የጋላቢው ተረከዞች ከፈረሱ ትከሻ በላይ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ግልቢያው ነጥብ የለውም። ከዚያ በኋላ ጋላቢው እግሮቹን ወደ ኮርቻው ጀርባ እየሳበ፣ ፈረሱ በፊት እግሮቹ ከማረፉ በፊት መልሶ ወደ ትከሻው ያፈናጥራቸዋል። አንድ እጁ ወፍራሙን የገመድ ልጓም ይዟል። ሌላው እጁ አየር ላይ ነው፤ ፈረሱን፣ ዕቃውን ወይም የራሱን ገላ ከነካ ውጤቱ ይሰረዛል። እንግዲህ ፎቶው የት እንዳለ ደንቡ ራሱ ጠቁሟል። የፊት እግሮች መሬት ላይ ተተክለው፣ የኋላዎቹ ወደ ሰማይ ተዘርግተው፣ የጋላቢው ጫማ ከፈረሱ አንገት ሥር፣ ነፃ እጁ ከባርኔጣው በላይ። ካውቦዮች ገዝተው ቤታቸው የሚሰቅሉት ይህችን ቅጽበት ነው። ፈረሱ በአራት እግሩ ቆሞ ሲያርፍ የተነሳ ፎቶ ግን የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን ጋላቢውን ያሳፍረዋል፤ የፈዘዘ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ያስመስለዋልና።

የመጀመሪያው ዝላይ እንዳያመልጥ ፎከሱ ቀድሞ የጋጡ በር ላይ ይደረጋል። ጋላቢው አገጩን ዝቅ አድርጎ በሩን ለያዘው ሰው ምልክት ሲሰጥ ጣት ሸተሩ ላይ መሆን አለበት።

በሰዓት የሚለኩት ውድድሮች ሌላ ዓይን ይፈልጋሉ። ሴቶች በሦስት በርሜሎች ዙሪያ በሚሽቀዳደሙበት ውድድር ምርጡ ቦታ ከበርሜሉ ባሻገር ነው፤ ፈረሱ ተጣጥፎ ሲዞርና አፈሩ ሲበተን የጋላቢዋ ፊት ወደ ካሜራው ይዞራል። በርሜል ከወደቀ አምስት ሰከንድ ይቀጣል፤ በርሜሉ ሲንገዳገድ በእጇ ልትይዘው የምትሞክረው ለዚህ ነው። በሁለት ሰው የገመድ ውድድር አንደኛው ቀንዱን አጥምዶ ወይፈኑን ወደ ግራ ይጎትታል፣ ሁለተኛው የኋላ እግሮቹን ይይዛል፤ ስለዚህ በግራ በኩል የቆመ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ወይፈን መጣል ከፊት ለፊት ነው የሚነሳው።

አከራካሪው ጥጃ አጥምዶ ማሰር ነው። ገመዱ ሲወጠር ጥጃው ወደ ኋላ የሚመታባት ቅጽበት ለእንስሳት መብት ተሟጋቾች ማስረጃ ናት፤ የስፖርቱ ሰዎች ደግሞ ካውቦዩ ከፈረሱ ሲወርድ ገመዱ አየር ላይ የሚታይበትን ፎቶ ይመርጣሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለጋዜጣ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ማንሳት አለበት፤ የመጀመሪያዋን አንስቶ ከመደበቅ የከፋ ነገር የለም።

ብርሃንና ዕቃ

ቀን ላይ ከ1/1000ኛ ሰከንድ ያላነሰ የሸተር ፍጥነት እንስሳውንም አፈሩንም ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ችግሩ ባርኔጣው ነው። የቀትር ፀሐይ የካውቦዩን ፊት በሰፊው ባርኔጣ ጥላ ይደፍነዋል፤ የካሜራው የብርሃን ልኬትም ነጭ ሸሚዙን አይቶ ፊቱን ይበልጥ ያጠቁረዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጥላው ይሳሳል፣ ከኋላ የበራበት አቧራም ወርቃማ ይሆናል። በማታ ውድድርና በአዳራሽ ውስጥ ኤፍ 2.8 የሚከፈት 70-200 ሌንስ፣ 1/500ኛ ሰከንድና ከ3200 እስከ 6400 አይኤስኦ የተለመደው መነሻ ነው። በርሜል ዙሪያ የምትጋልበዋን እየተከተሉ በ1/30ኛ ወይም በ1/60ኛ ሰከንድ ማንሳት ጀርባውን አደብዝዞ ፍጥነቱን ያሳያል፤ ከብዙው የሚሳካው ጥቂቱ ነው። ፍላሽ ከመጠቀም በፊት አዘጋጁን መጠየቅ ግድ ነው። አቧራው ሜዳ ላይ ሌንስ የሚቀይር ሰው ካሜራውን አይወደውም ማለት ነው።

አደጋ

በ1989 በሻየን ሌን ፍሮስት የተባለው ዝነኛ የኮርማ ጋላቢ ስምንት ሰከንዱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ኮርማው ዞሮ በቀንዱ መታው፤ እዚያው ሜዳ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ጋላቢዎች የሚለብሱት መከላከያ ሰደርያ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ፎቶ አንሺም የስምንት ሰከንዱ ደወል ሲጮህ ካሜራውን አውርዶ ስክሪኑን ማየት የለበትም፤ አደጋውም፣ አንዳንዴ የቀኑ ትልቁ ፎቶም ያለው ከደወሉ በኋላ ነው። አዲስ ሰው ቦታው ከአጥሩ ውጭ ነው። ክንድን ወይም ሌንስን በብረቶቹ መካከል አሳልፎ መዘርጋት አጥንት ያሰብራል፤ ኮርማ አጥሩን ታክኮ ሲሮጥ ጊዜ አይሰጥም። አጥር ላይ መውጣት ካስፈለገም እግር የሚያርፍበት ብረት አስቀድሞ ይታያል።

ሰው ሲጎዳ ማንሳት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በየውድድሩ ይነሳል። ብዙዎቹ ያነሳሉ፣ ቤተሰብ ሳይሰማ ግን አያወጡም።

መግለጫ

ፎቶ አንሺው ጋሪ ዊኖግራንድ የፎርት ዎርዝን የከብት ትርኢትና ሮዲዮ አንስቶ በ1980 ያሳተመው መጽሐፍ ለታዳሚው፣ ለነጋዴውና ለከብቱ የሰጠው ቦታ ከውድድሩ አያንስም። እንዲህ ላለው ሥራ ስም መመዝገብ ላያስፈልግ ይችላል። ለተወዳዳሪ የሚሸጥ ወይም ለመዝገብ የሚቀመጥ ፎቶ ግን ያለ መግለጫ ዋጋ የለውም። ተወዳዳሪው ጀርባው ላይ ቁጥር ይለጥፋል፤ የዕለቱ መርሐ ግብር ደግሞ ከቁጥሩ ጋር ስሙን ይዟል፣ በግልቢያ ውድድሮችም የእንስሳው ስም አብሮ ይገኛል። እነዚህ በዚያው ማታ ከፎቶው ጋር መያያዝ አለባቸው።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ የቢል ፒኬት ጉዳይ ያሳያል። ፒኬት (1870–1932) ወይፈን መጣልን እንደጀመረ የሚነገርለት ጥቁር አሜሪካዊ የቴክሳስ ካውቦይ ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የምዕራቡን ባለታሪኮች በቴምብር ሲያወጣ የፒኬት ተብሎ የተቀመጠ አንድ የቆየ ፎቶ ተጠቀመ። ቴምብሩ ከታተመ በኋላ ፎቶው የወንድሙ የቤን ፒኬት መሆኑ ታወቀ። አገልግሎቱ የታተመውን ሰብስቦ በ1994 በትክክለኛው የቢል መልክ እንደገና አወጣ፤ ከተሳሳተው ግን 150,000 ሉህ ለሰብሳቢዎች በዕጣ ሸጠ።