ባንዲራ የበተነውን ገበያ ሰበሰበው
(ስለ አድሪያቲክ የቅርጫት ኳስ ሊግ)

ዩጎዝላቪያ የሚባል አገር ዛሬ በካርታ ላይ የለም። ብዙዎቻችን ያን አገር የምናስታውሰው በማርሻል ቲቶ ነው፤ በ1955 አዲስ አበባን የጎበኘ፣ ከተማችንም በስሙ መንገድ የሰየመችለት ሰው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ እዚህ የምናነሣው የቲቶን ፖለቲካ አይደለም። አገሩ ከፈረሰ፣ ሕዝቡም እርስ በርሱ ከተላለቀ በኋላ፣ ከዚያው ፍርስራሽ የወጣ አንድ የጋራ የቅርጫት ኳስ ሊግ አለ፤ ነገራችን ስለ እሱ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ «ስፖርት ሕዝቦችን ያስታርቃል» መባሉ የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። እነዚህን ክለቦች መልሶ ያገናኛቸው ፍቅር ሳይሆን የኪስ ባዶነት ነው ባዮች ነን።

እስቲ ከድሮው እንነሣ። የዩጎዝላቪያ ሊግ የተጀመረው በ1945 ነው። ከሉብልያና እስከ ስኮፕዬ ያሉ ክለቦች ይጋጠሙበት ነበር። ሕዝቡ ከ24 ሚሊዮን በታች ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ ግን በ1970፣ በ1978 እና በ1990 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1980 ደግሞ በሞስኮ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነ። የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ በ1979 የሳራዬቮው ቦስና፣ በ1985 እና በ1986 የዛግሬቡ ሲቦና፣ ከ1989 እስከ 1991 ሦስት ዓመት በተከታታይ የስፕሊት ከተማው ክለብ ወሰዱት።

ይህ የስፕሊት ቡድን እንዴት ያለ ቡድን እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ቶኒ ኩኮችና ዲኖ ራጃ የከተማው ልጆች ናቸው። ዱሽኮ ኢቫኖቪች ከሞንቴኔግሮ፣ ዞራን ሳቪች ከቦስኒያዋ ዜኒትሳ፣ ዞራን ስሬቴኖቪች ከቤልግሬድ የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቡድን የፈጠረው የወንድማማችነት መፈክር ብቻ አይመስለንም። መፈክሩማ በየግድግዳው ነበር! ተጨዋቹ ከየትም ሪፑብሊክ ተነሥቶ ጠንካራ ክለብ ወዳለበት የሚሄድበት አንድ ሰፊ ሜዳ ስለ ነበረ ነው እንጂ።

ሜዳው የተቆራረጠው ደግሞ በፍጥነት ነው። በ1990 ቡድኑ በቦነስ አይረስ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ሰዓት አንድ ተመልካች የክሮኤሺያን ባንዲራ ይዞ ወደ ሜዳ ቢገባ ሰርቡ ቭላዴ ዲቫትስ ነጠቀው። የክሮኤሺያው ድራዤን ፔትሮቪች የዲቫትስ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ ወዳጅነታቸው ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዘ። ፔትሮቪች በ1993 በመኪና አደጋ ሲሞት ገና አልታረቁም ነበር። በሰኔ 1991 ስሎቬኒያ ነፃነቷን ስታውጅ ቡድኑ ሮም ላይ ለአውሮፓ ሻምፒዮናነት ይጫወት ነበር። ስሎቬኒያዊው ዩሬ ዝዶቭትስ ከመንግሥቱ በመጣ ትእዛዝ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ቡድኑን ጥሎ ወጣ፤ የቀሩት ያለ እሱ ወርቁን ወሰዱ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የቤልግሬዱ ፓርቲዛን በአገሩ እንዳይጫወት ስለ ተከለከለ «የሜዳዬ» የሚለውን ግጥሚያ በስፔን፣ በፉዌንላብራዳ ከተማ አደረገ። እንዲያም ሆኖ በ1992 ኢስታንቡል ላይ 71 ለ70 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። በ1995 በአቴና ወርቁ ለዩጎዝላቪያ (ለቀረችው ማለት ነው) ሲሰጥ፣ ነሐስ ያገኙት ክሮኤሺያውያን ከመድረኩ ወርደው ሄዱ።

ታዲያ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሊግ አቋቋመ። ባንዲራ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ፌዴሬሽን አለ። ምን ጎደለ? ተጋጣሚ ጎደለ! ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ባላት ስሎቬኒያ ኦሊምፒያን ማን ይቋቋመው? በክሮኤሺያም ሲቦና ከ1992 ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ዋንጫውን ለማንም አልሰጠም። አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ግጥሚያ ተመልካች አይጠራም፤ ተመልካች በሌለበት ደግሞ ቴሌቪዥንም ሆነ ነጋዴ ገንዘቡን አያወጣም። ጥሩ ተጨዋች ገና ጢሙ ሳይወጣ ወደ ስፔን፣ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ግሪክ ይነጉዳል።

የክሮኤሺያው ቱጅማን በ1999 መጨረሻ ሞቱ፤ ሚሎሶቪች በ2000 ከሥልጣን ወረዱ። ከዚያ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ2001 የስሎቬኒያ፣ የክሮኤሺያ፣ የቦስኒያና የሞንቴኔግሮ ክለቦች ተስማምተው የጋራ ሊጉን በ12 ቡድኖች ጀመሩ። ፖለቲካው በሩን ገርበብ ባያደርገው ኖሮ የክለቦቹ ችግር ብቻውን አይከፍተውም ነበር፤ ይህን አንክድም። ቢሆንም የሰርቢያ ክለቦች በመጀመሪያው ዓመት አልነበሩበትም። ቀይ ኮከብ (በቋንቋቸው ስርቬና ዝቬዝዳ) በ2002፣ ፓርቲዛን በ2004 ገቡ።

ስሙን እንመልከት። «ዩጎዝላቪያ» ማለት የማይታሰብ ነውና የባሕር ስም አወጡለት፤ አድሪያቲክ። ቤልግሬድ ከዚያ ባሕር የት ናት? ዛግሬብስ? ሉብልያናስ? ሳራዬቮስ? ባሕሩን አንዳቸውም አያዩትም፤ ባሕር ግን ብሔረሰብ የለውም፣ አያጣላም። እስከ 2006 ደግሞ የጉድይር ሊግ ተብሎ በጎማ ፋብሪካ፣ ከዚያ እስከ 2011 የኤን ኤል ቢ ሊግ ተብሎ በሉብልያና ባንክ ስም ተጠራ። በእኛ ዓይን ከማንኛውም ንግግር ይልቅ የሊጉን ምንነት የሚናገሩት እነዚህ ስሞች ናቸው።

ፍቅር የለበትም ስንል ሕይወት የለበትም ማለታችን አይደለም። በ2010 ዛግሬብ ላይ ሲቦናና ፓርቲዛን ለዋንጫ ተገናኙ፤ ዛግሬብና ቤልግሬድ ማለት እኮ ነው። በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ቦያን ቦግዳኖቪች ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ ሲቦናን አስመራ። የቀረው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። የሲቦና ሰዎች ሜዳ ገብተው መጨፈር ጀመሩ። ኳሱ ሲቀጥል ዱሻን ኬትስማን ከሜዳው አጋማሽ ወዲያ ሆኖ ወረወረው፤ ገባ! 75 ለ74። ሁለቱ ከተሞች በየራሳቸው ሊግ ተዘግተው ቢቀሩ ይህ ሰከንድ አይኖርም ነበር።

ዋጋ አላስከፈለም ወይ? አስከፍሏል። ትልልቆቹ ክለቦች ዓመቱን በጋራው ሊግ ያሳልፉና ወደ አገራቸው ውድድር የሚመለሱት በመጨረሻው ላይ ነው። የትናንሽ ከተማ ክለቦች፣ እነ ኦሊምፒያን ሜዳቸው ድረስ ጠርተው ትኬት የሚሸጡት እነዚያ፣ ጾማቸውን ዋሉ። በሌላ በኩል የ2018ን ዋንጫ የወሰደው የሞንቴኔግሮው ቡዱችኖስት ነው፤ ቀይ ኮከብን አሸንፎ። ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት አገር ክለብ የራሷ ሊግ ብቻ ቢኖራት ይህን ከማን ጋር ተጋጥሞ ይማረው ነበር?

ገንዘብ የሠራው አጥር ደግሞ ከገንዘብ ጋር ይሰፋል። በ2011 የእስራኤሉ ማካቢ ቴል አቪቭ ገባና የዚያኑ ውድድር ዋንጫ በ2012 ይዞ ወጣ። በ2024 ደግሞ ዱባይ ክለብ አቋቁማ ገባች። ከሉብልያና ተነሥቶ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ፣ በረሃ ላይ የአድሪያቲክ ሊግ ይጫወታል!