የሳክስፎኑ አንገት የማን ነው?

ብልባላ ያለ እረኛ ዋሽንቱ ቢሰነጠቅ ሌላ ሸምበቆ ይቆርጣል፤ የሚፈታ ነገር የለውም። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያስመዘገበው ሳክስፎን ግን ማውዝፒስ፣ አንገትና ገላ ሆኖ ይፈታል። የሚፈታ ዕቃ ደግሞ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል።

የእኛ የትንፋሽ መሣሪያ ታሪክ የሰው ታሪክ ብቻ ነው፦ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ ኋላም ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ያወረደው ጌታቸው መኩሪያ። ይገባቸዋል! ስለ ዕቃው ግን ማን ጠየቀ?

ማውዝፒስ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለዋወጥ ግድ የለም፤ ቡሹ ላይ ገፋ ሳብ ተደርጎ ይቃኛል። አንገት ግን ሳይመጥን ሲገጠም ትንፋሽ ያፈሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ እምቢ ይላል። ተማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ "ልምምድ ጨምር" ይባላል። በአንዳንድ አሮጌ ሳክስፎኖች አንገትና ገላ ላይ አንድ ቁጥር ተመትቷል። ልጁን ከመውቀስ በፊት እሱን ማየት ነበር።