አንድ ሴል፣ ሦስት ድምፅ፦ በጅቡቲ ከተማ ማየትና መስማት የተሳናቸውን ልጆች ንባብ ስለ ማስተማር

በጅቡቲ ከተማ አንደኛ ክፍል የሚገባ አብዛኛው ልጅ ማንበብን የሚጀምረው በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ነው። በከተማዋ ሰፈሮች፣ በጋቦዴም ሆነ በባልባላ፣ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ነው፤ በዐረብኛ የሚፈቱ አሉ፣ ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ አማርኛ አለ። ማስተማሪያው ግን ፈረንሳይኛ ነው። የሚያይና የሚሰማ ልጅ ክፍተቱን ከግድግዳ ጽሑፍ፣ ከቴሌቪዥንና ከጓደኛ ጨዋታ እየለቀመ ይሞላዋል። ማየት ወይም መስማት የተሳነው ልጅ ይህን የመልቀም ዕድል በከፊል ያጣል፤ ስለዚህ ፊደሉንና ቋንቋውን አንድ ላይ እንዲሸከም ይገደዳል። ሁለቱ ሸክሞች ካልተለዩ የልጁ ዝግመት ከአካል ጉዳቱ የመጣ ይመስላል። በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ከብሬል እንነሣ። ሉዊ ብሬል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያበጀው ባለ ስድስት ነጥብ ሴል ቋንቋ አይመርጥም። ፈረንሳይኛው ወይም ሶማሊኛው «ላ» በመጀመሪያው ሴል ነጥብ 1፣ 2 እና 3፣ በሁለተኛው ነጥብ 1 ብቻ ነው። በአማርኛ ብሬልም ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ «ላ» በእነዚሁ ሁለት ሴሎች ይጻፋል። የዐረብኛ ላምና አሊፍ በየራሳቸው ሲጻፉም ነጥቦቻቸው እነዚሁ ናቸው። ዐረብኛ በቀለም ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም በብሬል የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ቤይሩት ላይ ባዘጋጀው ጉባኤ የተደረሰበት ስምምነትም ይህንኑ አቅጣጫ ያጸና ነበር። እንግዲህ ለጅቡቲው ዓይነ ስውር ልጅ አራት ቋንቋ ማለት አራት ዓይነት ጽሕፈት ማለት አይደለም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያልተጠቀምንበት ጸጋ ነው።

ጸጋው ግን ወጥመድ አለው። ነጥብ 1 እና 4 የላቲኑን «ሲ» ፊደል ይወክላሉ። በፈረንሳይኛ ይህ ፊደል እንደ ቦታው «ክ» ወይም «ስ» ይሆናል። በ1972 (እ.ኤ.አ.) በጸደቀው የሶማሊኛ አጻጻፍ ከጉሮሮ የሚወጣው የዐረብኛው «ዐይን» ፊደል ድምፅ ነው። በአፋርኛ ደግሞ እንደ ዐረብኛው የጉሮሮ «ሐ» ይነበባል። የላቲኑ «ኤክስ»ም በሶማሊኛ ይህንኑ «ሐ» ሲወክል በአፋርኛ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፋ የምታወጣው «ድ» ነው። የሚያይ ልጅ ገጹን ባየ ጊዜ የመጽሐፉ ሥዕልና ሽፋን በየትኛው ቋንቋ እያነበበ እንደሆነ ያመላክቱታል። ጣት የምታገኘው አንዲት ሴል ብቻ ናት። መምህሩ ቋንቋውን አስቀድሞ ካልነገረው ልጁ ትክክል አንብቦ ተሳሳትክ ይባላል።

በጽሕፈት ጊዜ ሌላ ነገር ይመጣል። በስሌትና በእስታይለስ (በብሬል መጻፊያው ሰሌዳና መውጊያ) ሲጻፍ ወረቀቱ ከጀርባው ስለሚወጋ ልጁ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። የላቲኑ «ኢ» (i፣ ነጥብ 2 እና 4) እና «ኧ» (e፣ ነጥብ 1 እና 5) አንዱ የሌላው መስተዋት ናቸው፤ ስለዚህ ልጁ አንዱን ሊጽፍ አስቦ ሌላውን ይወጋል። በዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ምልክት ላላቸው ፊደላት ለየብቻ ሴል አለው፤ ከላይ ጭረት ያለበት «ኤ» (é) ስድስቱንም ነጥብ ይወስዳል።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ በአንድ «የልዩ ፍላጎት» ስያሜ መጠቅለሉም አይረዳም። ለእነርሱ የፊደሉ ቅርጽ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ የሚጎድላቸው ፊደሉ የሚያርፍበት ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚደርሱት ቤት ውስጥ በተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ብቻ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ተነባቢውን በእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ቤቶች በእጅ እንቅስቃሴ ያሳያል። ከውጭ የመጣ የጣት ፊደል ብቻውን አልበቃም፤ የአገሩን ፊደል ጠባይ የሚሸከም ሥርዓት አስፈልጓል። የምልክት ቋንቋውም ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ለጅቡቲም የማያሻማው የመጀመሪያ እርምጃ መስማት የተሳናቸው ዐዋቂዎች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ምልክት አጥንቶ እነርሱን ራሳቸውን በክፍል ውስጥ መቅጠር ነው። የፈረንሳይኛ ሰዋስው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጅቡቲ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የብሬልን ትምህርትና የምልክት ቋንቋን በስም ይጠራል። በከተማዋ ክሪፔን የሚባለው የትምህርት ሚኒስቴር የጥናትና የኅትመት ማዕከል የመማሪያ መጻሕፍት ያዘጋጃል፤ የመሠረታዊ ትምህርት መምህራን ማሠልጠኛም አለ። አዲስ ተቋም ከመመሥረት በፊት እነዚህ ሁለቱ አንድ የብሬል መጀመሪያ መጽሐፍ ቢያወጡ እመርጣለሁ። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ድምፃቸው ከማይለወጥ እንደ «ል»፣ «ም»፣ «ን» እና «ብ» ካሉ ተነባቢዎች ይጀምር፤ ቃላቱ ልጁ ከቤቱ ይዟቸው የመጣ የሶማሊኛና የአፋርኛ ቃላት ይሁኑ። መስተዋት የሆኑት ሁለቱ ፊደላት በአንድ ሳምንት አይሰጡ። «ሲ»ና «ኤክስ» ወደ መጨረሻ ይቆዩ፤ ሲመጡም በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ቋንቋውን የሚናገር የብሬል ምልክት ይቅደማቸው።