ቦዶኒ፡- በወፍራምና በቀጭን መስመር የተዋበው የኅትመት ፊደል

ቦዶኒ በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች ከተዘጋጁት የኅትመት ፊደላት መካከል በወፍራምና በቀጭን መስመሮቹ የጎላ ልዩነት የሚታወቅ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከቀራጩ፣ ከጣሊያናዊው አታሚ ጃምባቲስታ ቦዶኒ ነው።

ቦዶኒ እ.ኤ.አ. በ1740 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው የሳሉዞ ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በሮም የፕሮፓጋንዳ ፊዴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ማተሚያ ቤቱ ለሚስዮናውያን በልዩ ልዩ የምሥራቅ አገሮች ፊደላት መጻሕፍት ያትም ነበር። የግዕዝ ፊደልም በማተሚያ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በዚችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ቦዶኒ እ.ኤ.አ. በ1768 የፓርማ መስፍን ማተሚያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በመጀመሪያ ከፓሪስ በመጡ ፊደላት ይገለገል የነበረ ቢሆንም፣ ቀስ በቀስ የራሱን መቅረጽ ጀመረ። የፊደላቱን ናሙናዎች የያዘው ባለ ሁለት ቅጽ «ማኑዋሌ ቲፖግራፊኮ» የታተመው እርሱ ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲሆን፣ ለኅትመት ያበቃችው ባለቤቱ ናት።

የፊደሉ ቋሚ መስመሮች ወፍራምና ቀጥ ያሉ ሲሆኑ፣ አግዳሚዎቹ ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ሰሪፍ የሚባሉት በፊደሉ ራስና እግር ላይ ያሉት አጫጭር ጭረቶችም ቀጫጭን ሆነው ከቋሚው ጋር ያለ ኩርባ በቀጥታ ይገናኛሉ። በፓሪስ የዲዶ ቤተሰብ በዚያው ዘመን ያወጣው ፊደልም ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ፊደሉ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በግብዣ ወረቀትና በፋሽን መጽሔቶች ርዕስ ላይ ይዘወተራል። «ሃርፐርስ ባዛር» የተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1958 የሥነ ጥበብ ዳይሬክተሩ በነበረው በአሌክሲ ብሮዶቪች ዘመን በእነዚህ ፊደላት ሰፊ ነጭ ቦታ ያላቸውን ገጾች በማዘጋጀት ታውቋል።

ይሁን እንጂ ውበቱ የተመሠረተበት ቀጭን መስመር የችግሩም ምንጭ ነው። ለትልቅ ርዕስ የተዘጋጀው ቅርጽ እንዳለ አንሶ ሲታተም ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይጠፋሉ፤ አንባቢው የሚያየው የቋሚ መስመሮችን ሰልፍ ብቻ ይሆናል። ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ሲታተምም ቀለሙ እየሰፋ ቀጭኑን መስመር ይውጠዋል። ስለሆነም ለመድኃኒት መግለጫ ወይም አረጋውያን ለሚያነቡት ማስታወቂያ መምረጡ ተገቢ አይደለም።

ቦዶኒ ራሱ ይህን ችግር የፈታው ለየመጠኑ ልዩ ልዩ ፊደል በመቅረጽና በለስላሳ ወረቀት ላይ በማተም ነበር። በኮምፒዩተር ዘመን ይህ አሠራር ተዘንግቶ፣ አንዱን ቅርጽ ለሁሉም መጠን ማሳደግና ማሳነስ ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይ.ቲ.ሲ. ቦዶኒ ግን በፓርማ ቤተ መዘክር የሚገኙትን የአታሚውን ሥራዎች መሠረት በማድረግ በ6፣ በ12 እና በ72 ነጥብ መጠን ተለይቶ ተዘጋጅቷል። ባለ 6 ነጥቡ ቅርጽ ቀጫጭን መስመሮቹ የደነደኑ በመሆናቸው ለደቃቅ ጽሑፍ ይውላል፤ ባለ 72ቱ ለርዕስ ብቻ ነው።